በሴኡል ቤተ መንግሥታት የሚታየው ሥርዓት፦ ምኑ ጥንታዊ ነው፣ ምኑ ዳግም የተሠራ ነው፣ እንዴትስ ይታያል?

ሴኡል መሀል ከተማ ላይ አምስት የነገሥታት ግቢዎች አሉ፦ ግዮንግቦክጉንግ፣ ቻንግዶክጉንግ፣ ቻንግግዮንግጉንግ፣ ዶክሱጉንግና ግዮንግሂጉንግ። ከእነርሱ ሌላ ጆንግምዮ አለ፤ እሱ መኖሪያ ሳይሆን የነገሥታቱ መታሰቢያ ቤተ መቅደስ ነው። በእነዚህ ግቢዎች ዝግጅት አይታጣም። ዘብ ይለወጣል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ «ንጉሥ» በሰልፍ ያልፋል፣ ማታ ማታ ፋኖስ የያዙ ጎብኚዎች በጥንቱ አትክልት ውስጥ ይዞራሉ።

ብዙ ሰው ሁሉንም እንደ አንድ ትርኢት ቆጥሮ፣ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። የሚታየው ግን ሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው የነገሥታቱ ዘሮች ዛሬም ለአያቶቻቸው የሚፈጽሙት የመታሰቢያ ሥርዓት ነው፤ ተመልካች ኖረ አልኖረ ይደረጋል። ሁለተኛው ከጠፋ በኋላ ከጥንት መዝገብ ተነብቦ ዳግም የቆመ ሥርዓት ነው፤ የዘብ ለውጡና የንጉሡ ጉዞ እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው በእኛ ዘመን ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ ነው፤ የማታ ጉብኝቱ፣ የቤተ መንግሥቱ ማዕድና የሻይ ግብዣው። ሦስቱም ሊታዩ ይገባቸዋል፤ አዘገጃጀታቸው ግን ለየቅል ነው። ለአንዱ ትኬት አስቀድሞ መያዝ ያሻል፤ ለሌላው የሚቆሙበትን ቦታ መምረጥ፤ ለመጀመሪያው ደግሞ ትዕግሥት።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አቆጣጠር አንድ ነገር እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱም የኮሪያ ነው። ኮሪያ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ሴኡል ሲደርስ ማስተካከል ሳያስፈልገው የአገሩን ሰዓት በትክክል ያሳያል።

መዝገቡ ባይኖር

የጆሶን ሥርወ መንግሥት ከ1392 እስከ 1910 ገዝቷል፤ ከ1897 በኋላ ያለውን ጊዜ የገዛው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ተብሎ ነው። ግዮንግቦክጉንግ በ1395 ተሠራ። በ1592 በጃፓን ወረራ ጊዜ ተቃጠለና ከ270 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ የንጉሥ ጎጆንግ አባት ሁንግሶን ዴዎንጉን በ1860ዎቹ እንደገና አሠራው። በመሀል ነገሥታቱ በብዛት የተቀመጡት በ1405 በተሠራውና በኋላ በታደሰው በቻንግዶክጉንግ ነው። ቻንግዶክጉንግ የተኖረበት ቤት መምሰሉ፣ ግዮንግቦክጉንግ ደግሞ አደባባይነቱ ማመዘኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከ1910 በኋላ የጃፓን ቅኝ አገዛዝ ከግዮንግቦክጉንግ ሕንፃዎች አብዛኞቹን አፈረሰ። በዙፋኑ አዳራሽ ፊት ለፊት የራሱን ትልቅ የአስተዳደር ሕንፃ ተከለ፤ ሕንፃው በ1926 አልቆ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው የፈረሰው። ቻንግግዮንግጉንግ የአራዊት ማቆያ ተደርጎ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ቆይቷል። ዋናው በር ጓንግህዋሙን በ2010 ተመልሶ ቆመ፤ ከፊቱ ያለው የድንጋይ መድረክ ደግሞ የተመለሰው በኦክቶበር 2023 ነው። ዛሬ በዓይን የሚታየው ግቢ እንግዲህ በከፊል የትናንት ሥራ ነው።

ታዲያ ማን የት እንደቆመ፣ ምን እንደለበሰ በምን ታወቀ? መልሱ ኡይግዌ የሚባሉት መጻሕፍት ናቸው። ሠርግ፣ ቀብር፣ ግብዣ ወይም የሕንፃ ሥራ ሲኖር ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ይቋቋማል። ሥራው ሲያልቅ ጽሕፈት ቤቱ ሁሉን ነገር በመጽሐፍ አጠናቅሮ ያስቀምጣል፦ የተላላኩትን ደብዳቤ፣ የባለሥልጣኑንና የእጅ ባለሙያውን ስም፣ የጨርቁን ልክ፣ የወጣውን ወጪ። ሰልፍ ካለ ሰልፉ ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀለም ይሣላል፤ ፈረሱ፣ ሰንደቁ፣ ድንኳኑ፣ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ። ከአንዱ ሥራ ብዙ ቅጂ ይዘጋጅና በተለያየ ስፍራ ይቀመጣል። ለንጉሡ የሚቀርበው ቅጂ በምርጥ ወረቀት ተጽፎ በሐር ይለበዳል። ፈረንሳዮች በ1866 ከጋንግህዋ ደሴት ከዘረፏቸው ውስጥ 297 ጥራዞች ወደ ሴኡል የተመለሱት በ2011 ነው፤ ያውም በየ5 ዓመቱ በሚታደስ ውሰት። ዩኔስኮ ኡይግዌን በ2007 በዓለም የመዛግብት ቅርስ ውስጥ አስፍሯቸዋል።

የጥንቱ ሥርዓት ሲታይ ዝርዝሩ የሚያስገርመው በዚህ ምክንያት ነው። ንጉሥ ጆንግጆ በ1795 እናቱን ይዞ ወደ ህዋሶንግ (የዛሬዋ ሱዎን) ያደረገው የ8 ቀን ጉዞ ሙሉ መዝገብ ስላለው፣ በየመኸሩ ከቻንግዶክጉንግ ተነሥቶ እስከ ሱዎን የሚሄደው ሰልፍ በሥዕሉ ላይ ተመሥርቶ ይደራጃል።

መጀመሪያ ድንጋዩን ማንበብ

ማንኛውንም ሥርዓት ከማየት በፊት በግዮንግቦክጉንግ የዙፋን አዳራሽ፣ በጉንጆንግጆን፣ ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማሳለፍ ይጠቅማል። ሥርዓቱ እዚያ መሬት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በግቢው መሀል ሦስት መንገድ ጎን ለጎን ተነጥፏል። የመሀሉ ከፍ ያለና ሰፊ ነው፤ የንጉሡ ነው። በሁለቱ ወገን የማዕረግ ድንጋዮች ተተክለዋል፤ 12 በምሥራቅ፣ 12 በምዕራብ። ማዕረጉ 9 ደረጃ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉት እያንዳንዳቸው ለዋናና ለምክትል ይከፈላሉ፤ ይህ 6 ድንጋይ ይሆናል። ከ4ኛ እስከ 9ኛ ያሉት አንዳንድ ድንጋይ አላቸው፤ ይህም 6 ነው። ድምሩ በየወገኑ 12። በምሥራቅ የሲቪል ሹማምንት ይቆማሉ፣ በምዕራብ የጦር ሹማምንት።

ንጉሡ ሁልጊዜ ወደ ደቡብ ዞሮ ስለሚቀመጥ ምሥራቅ በግራው፣ ምዕራብ በቀኙ ይውላል። የሚበልጠውም ግራው ነው። ከሦስቱ ከፍተኛ ሚኒስትሮች «የግራ» የሚባለው «ከቀኙ» በላይ ነበር። ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች እንደሚበልጥ እያወቀ ላደገ ሰው ይህ መገልበጡን ልብ ማለት ይረዳል፤ ካልሆነ የሰልፉ ቅደም ተከተል ሁሉ ይምታታበታል።

የግቢው ንጣፍ ሻካራና ያልተስተካከለ ነው። ይህ የሥራ ጉድለት አይደለም። ሻካራው ድንጋይ የፀሐይን ነጸብራቅ ይሰብራል፣ ጫማ እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ መሬቱም ተዳፋት ስላለው ውሃ አይተኛበትም። ለጎብኚ ግን ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ እዚህ ላይ ቁርጭምጭሚት ማዞሪያ ነው። ድንጋዩ ላይ የተተከሉት የብረት ቀለበቶች የድንኳን ገመድ ማሰሪያ ናቸው።

በዙፋኑ ጀርባ ያለው ሥዕል ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ አምስት ተራሮች፣ ፏፏቴና ጥድ ያለበት ነው። ፀሐይዋ በተመልካቹ ቀኝ፣ ማለትም በምሥራቅ ናት፤ ጨረቃዋ በምዕራብ። አቅጣጫ እዚህ ጌጥ አይደለም። ሰንደቁን፣ የሙዚቃ መሣሪያውን፣ የሰውን አቋቋም ሁሉ የሚወስነው አቅጣጫ ነው። ለምሥራቅ ሰማያዊ ዘንዶ፣ ለምዕራብ ነጭ ነብር፣ ለደቡብ ቀይ ወፍ፣ ለሰሜን ጥቁር ኤሊ፣ ለመሀል ቢጫ። ይህችን አምስት ነገር በቃሉ የያዘ ሰው የሚያየውን ሰልፍ በግማሽ ተረድቷል።

አዳራሹን ከጀርባው ካለው ተራራ ጋር በአንድ ፎቶ ለማስገባት የሚመቸው የግቢው ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነው።

የዘብ ለውጡ

በግዮንግቦክጉንግ የዘብ ለውጥ የሚደረገው ጠዋት 10፡00 እና ከሰዓት 14፡00 ላይ ሲሆን 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ማክሰኞ ግቢው ዝግ ነው። ቦታው በጓንግህዋሙንና በሁለተኛው በር በሁንግንዬሙን መካከል ያለው አደባባይ ነው። የመግቢያ ትኬት የሚጠየቀው ሁንግንዬሙን ላይ ስለሆነ ይህን ለማየት ክፍያ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፎ ሳለ ሥርዓቱ ያመልጠዋል።

የሚታየው ይህን ይመስላል። ነጋሪት ይመታል፤ ተረኛው ጓድ ከነሰንደቁና ከነሙዚቃው ወጥቶ በበሩ ፊት ይሰለፋል። የሁለቱ ጓዶች አዛዦች ማንነታቸውን ያረጋግጣሉ፤ የበሩን ዘብ የሚያዝዘው መኮንን ሱሙንጃንግ ይባላል። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የጠበቀውም ጓድ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በጥንት ጊዜ ማረጋገጡ ቀልድ አልነበረም፤ የበር ቁልፍና የይለፍ ቃል ማለት የንጉሡ ሕይወት ነበር።

ሙዚቃው ዴችዊታ ይባላል። ረጅሙ የነሐስ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቱም እንዲሁ። ዜማውን ብቻውን የሚሸከመው ድምፁ የሚሰረስር ትንሽ የእንጨት እምቢልታ ነው። የቀሩት ነጋሪትና የነሐስ መምቻዎች ምቱን ይይዛሉ።

10 ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ፊት ለፊት ከመቆም ይልቅ ወደ ጎን ሸርተት ማለት ይሻላል፤ ሰልፉ ሲመጣም ሲሄድም ይታያል። ከባድ ዝናብ፣ ብርቱ ሙቀት ወይም ብርድ ካለ ሥርዓቱ ይቀራል ወይም ያጥራል። ሕዝብ የበዛበት ቀን ከሆነ በዶክሱጉንግ በር በዴሃንሙን የሴኡል ከተማ የሚያካሂደው ለውጥ አለ፤ ቦታው ጠበብ ስለሚል ከቅርብ ለማየት ይመቻል። ዶክሱጉንግ የሚዘጋው ሰኞ ነው።

ጆንግምዮ

ጊዜ ያለው ሰው ከሁሉ አስበልጦ ሊያየው የሚገባው የጆንግምዮ ሥርዓት ነው። የሚፈጸመው በሜይ የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜም ይደገማል። ሙዚቃው በ1964 የአገሪቱ ቁጥር 1 የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ሥርዓቱ ራሱ ተቋርጦ ቆይቶ በ1969 በጆንጁ ዪ ቤተሰብ ማኅበር፣ ማለትም በነገሥታቱ ዘሮች፣ እንደገና ተጀመረ። ዩኔስኮ ቦታውን በ1995፣ ሥርዓቱንና ሙዚቃውን በ2001 በቅርስነት ተቀብሏል።

ዋናው ቤት ጆንግጆን ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም አንድ ወጥ ጣሪያ ያለው ነው። 19 ክፍሎች አሉት፤ በውስጣቸው የ19 ነገሥታትና የ30 ንግሥታት፣ በድምሩ 49 የስም ሰሌዳዎች ይገኛሉ። በጎን ያለው ዮንግንዮንግጆን ደግሞ 16 ክፍሎችና 34 ሰሌዳዎች አሉት። ሰሌዳዎቹ ከቼስትነት እንጨት የተሠሩ ናቸው። ጆንግጆን ለዓመታት ጥገና ላይ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ በሰልፍ ወደ ቦታቸው የተመለሱት በኤፕሪል 2025 ነው።

ከበሩ ጀምሮ ባለ ሦስት ረድፍ የድንጋይ መንገድ አለ። ከፍ ያለው የመሀሉ የመናፍስቱ መንገድ ነው፤ በምሥራቅ ያለው የንጉሡ፣ በምዕራብ ያለው የአልጋ ወራሹ። ጎብኚ በመሀሉ እንዳይሄድ ይጠየቃል። እዚህ ንጉሥ እንኳ መሀሉን ለአያቶቹ ትቶ በጎን ነው የሚሄደው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ፈጻሚዎቹ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ መናፍስቱን መቀበል ይመጣል። ሰው ሲሞት አንዱ ነፍሱ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ሌላው ከሥጋው ጋር ወደ መሬት ይወርዳል የሚል እምነት ስላለ ሁለቱም ይጠራሉ፤ የሰማዩ ሦስት ጊዜ በሚጨመር ዕጣን፣ የምድሩ ወለሉ ላይ ባለ ቀዳዳ በሚፈስ መጠጥ። ነጭ ሐርም ይቀርባል። ቀጥሎ ምግብ ይቀርባል፦ የበሬ፣ የበግና የአሳማ ጥሬ ሥጋ፤ እህልም አብሮ። በአንድ ወገን 12 የቀርከሃ ዕቃዎች ደረቅ ነገር፣ በሌላው ወገን 12 የእንጨት ዕቃዎች እርጥብ ነገር ይይዛሉ። ከዚያ ሦስት ጽዋ በተራ ይቀርባል። በጥንቱ የመጀመሪያውን ንጉሡ፣ ሁለተኛውን አልጋ ወራሹ፣ ሦስተኛውን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርቡ ነበር፤ ዛሬ የቤተሰቡ ተወካዮች ናቸው። በስተመጨረሻ ፈጻሚዎቹ ከተባረከው ይቀምሳሉ፣ ዕቃው ይነሣል፣ መናፍስቱ ይሸኛሉ፣ የጸሎቱ ጽሑፍና ሐሩ ይቃጠላሉ።

ይህ ሁሉ በየክፍሉ ስለሚደጋገም ረጅም ነው፤ የጆንግጆን ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በፀደዩ ቀን ብዙውን ጊዜ ጠዋት በዮንግንዮንግጆን ይጀመርና ቀትር ላይ የንጉሡ ሰልፍ ከግዮንግቦክጉንግ ይመጣል፤ ዋናው የከሰዓቱ ነው። ሰው የሚያማርረው በአንድ ነገር ነው፦ ዋናው ነገር የሚሆነው በክፍሎቹ ውስጥ ስለሆነ ከግቢው አይታይም። ስለዚህ ከግቢው የሚታየውንና የሚሰማውን መከተል ይሻላል፤ እሱም ሙዚቃውና ውዝዋዜው ነው።

ሙዚቀኞቹ ሁለት ጓድ ናቸው፦ አንዱ ከላይ መድረክ ላይ፣ አንዱ ከታች ግቢው ውስጥ። በምሥራቅ በኩል በሰማያዊ የተቀባ ሣጥን አለ፤ ቹክ ይባላል። በመዶሻ ከላይ ሲወቀጥ ሙዚቃው ይጀመራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ኦ የሚባል የተጋደመ ነጭ ነብር አለ፤ ጀርባው ላይ 27 ጥርሶች አሉት። ጫፉ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ራሱን ሦስት ጊዜ ይመቱትና ጀርባውን ሦስት ጊዜ ይፍቁታል፤ ሙዚቃው ያበቃል። መጀመሪያ በፀሐይ መውጫ፣ መጨረሻ በፀሐይ መግቢያ መሆኑ ነው።

የነሐስ ደወሎቹ 16 ናቸው፤ በሁለት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው ተሰቅለዋል። መጠናቸው እኩል ነው፤ ድምፃቸውን የሚለየው ውፍረታቸው ነው። አጠገባቸው የተሰቀሉት እንደ ክርን የታጠፉ 16 የድንጋይ ደወሎች ናቸው። ድንጋይ ሙቀትም እርጥበትም አይለውጠውም፤ ስለዚህ ሌሎቹ መሣሪያዎች የሚቃኙት በእሱ ነው። በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ኮሪያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ ደወሎቹ ከቻይና ነበር የሚመጡት።

ዜማዎቹ ቦቴፕዮንግና ጆንግዴኦፕ ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው 11 ክፍል አላቸው። በሴጆንግ ዘመን ተዘጋጅተው ለዚህ ሥርዓት የተመደቡት በንጉሥ ሴጆ ዘመን፣ በ1464 ነው። እስከ መጀመሪያው ጽዋ ድረስ ነገሥታቱን በዕውቀትና በመልካም አስተዳደር የሚያወድሰው ቦቴፕዮንግ ይሰማል፤ ወዝዋዦቹ በግራ እጅ ዋሽንት፣ በቀኝ እጅ ላባ የተንጠለጠለበት ዘንግ ይይዛሉ። ከሁለተኛው ጽዋ ጀምሮ በጦር ሥራ የሚያወድሰው ጆንግዴኦፕ ይከተላል፤ ያን ጊዜ የእንጨት ሰይፍና ጦር ይያዛል። ወዝዋዦቹ 8 በ8 ሆነው 64 ናቸው። በጆሶን ዘመን 6 በ6፣ 36 ነበሩ፤ 64 የንጉሠ ነገሥት ድርሻ ስለሆነ የተጨመረው ጎጆንግ በ1897 ንጉሠ ነገሥት ከተባለ በኋላ ነው። ውዝዋዜው እጅግ ዝግ ያለ ነው። የክንዱን ወደ ውጭ መዘርጋትና ወደ ውስጥ መሰብሰብ አንድ ጊዜ የለመደ ዓይን ግን ከዚያ ወዲያ አይነቀልም።

ለመቀመጫው ክፍል ቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ የቀረው ሰው ቆሞ ያያል። ባርኔጣና ውሃ መያዝ የግድ ነው፤ ግቢው ጥላ የለውም። የካሜራ ብልጭታ አይፈቀድም። በሌላ ጊዜ ጆንግምዮን ለማየት ቅዳሜና እሑድ ይመረጣል፤ በነዚያ ቀናት በነጻነት መዞር ይቻላል፣ በሥራ ቀን ግን በአብዛኛው መግባት የሚቻለው በተወሰነ ሰዓት ከአስጎብኚ ጋር ነው። ማክሰኞ ዝግ ነው።

የማታው ጉብኝት፣ ማዕዱና ጣፋጩ

ትኬት ማግኘት የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ግዮንግቦክጉንግ በፀደይና በመኸር ለተወሰኑ ሳምንታት ማታ ይከፈታል። ትኬቱ በኢንተርኔት በደቂቃዎች ያልቃል፤ ለውጭ ዜጋ ግን ፓስፖርት አሳይቶ በር ላይ የሚገዛበት ድርሻ ይቀመጣል። የቻንግዶክጉንግ የጨረቃ ጉብኝት ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው። ጥቂት ሰዎች በቡድን ሆነው ፋኖስ ይዘው ከዋናው በር ከዶንህዋሙን ይነሣሉ፤ በዙፋኑ አዳራሽና በናክሶንጄ በኩል አልፈው ወደ ኋላ አትክልቱ ይገባሉ፤ ሻይና የሙዚቃ ትርኢት አለው። በቅርብ ዓመታት ዋጋው 30,000 ዎን ነበር። በግዮንግቦክጉንግ ወጥ ቤት በሶጁባንግ እራት የሚበላበት የከዋክብት ጉብኝት ደግሞ 60,000 ዎን።

ለእነዚህ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የሚከፈተው ከዝግጅቱ ሳምንታት ቀድሞ ነው፤ ሴኡል ከገቡ በኋላ ማሰብ የረፈደ ነው። ሌላው እንቅፋት የኮሪያ ስልክ ቁጥር መጠየቁ ነው። መፍትሔው ለውጭ ዜጎች የተለየውን ዙር መፈለግ ነው፤ የሚሸጠውም በተለየ መንገድ ነው። የፀደዩ የነገሥታት ባህል ፌስቲቫል በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ፣ የመኸሩ በኦክቶበር ስለሚውል፣ በእነዚህ ቀናት የሚሄድ ሰው ብዙውን በአንድ ላይ ያገኛል።

የንጉሡ ማዕድ ሱራሳንግ ይባላል፤ ከሩዝ፣ ከሾርባና ከኪምቺ ሌላ 12 ዓይነት ማባያ ይቀርብበታል። የቤተ መንግሥቱ ሙያ በመጽሐፍ ብቻ አልተላለፈም። ሃን ሂሱን የተባለችው የመጨረሻዋ የወጥ ቤት እመቤት ለህዋንግ ህዬሶንግ አስተምራ፣ ሙያው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአገር ቅርስነት ተመዝግቧል። ሣህኖቹ ከ78 እጅ መዳብና ከ22 እጅ ቆርቆሮ የተቀጠቀጡ ነሐስ ናቸው፤ ሙቀት ይይዛሉ።

የጣፋጭ ቤቱ ሴንግግዋባንግ ሻይና የቤተ መንግሥት ጣፋጭ ያቀርባል፤ ጊዜው 70 ደቂቃ ነው። ከሚቀርቡት ያክግዋ የሚባለውን ልብ ብሎ መቅመስ ይገባል። የስንዴ ዱቄት በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ ይነፋል፤ ከዚያ ማርና አረቄ ተጨምሮበት ይሰበሰባል እንጂ አይቦካም። አብዝቶ ያሸው ሰው ዱቄቱን የሚለጠጥ ያደርገውና ጠጣር ያወጣል። መጀመሪያ 110 ዲግሪ ገደማ በሆነ ዘይት ቀስ ብሎ ይጠበሳል፤ ንብርብሩ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከ140 በላይ በሆነ ዘይት ይቀላል፣ በዝንጅብል ሽሮፕ ውስጥም ይነከራል። ዘይቱ ከመነሻው ከጋለ ውጭው ይቀላል፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

ሃንቦክ፣ ትኬትና የቀን ምርጫ

ሃንቦክ የሚባለውን የኮሪያ ባህላዊ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ቤተ መንግሥታቱ በነጻ ይገባል። ደንቡ ላይኛውና ታችኛው ሁለቱም ሃንቦክ እንዲሆኑ ነው፤ ጆጎሪ (ላይኛው አጭር ልብስ) ከቀሚስ ወይም ከሱሪ ጋር። በቲሸርት ላይ የተደረበ ካፖርት አይቆጠርም። የጆጎሪው ግራ ክንብንብ በቀኙ ላይ ይደረብና በረጅሙ ጥብጣብ ደረት ላይ ይታሰራል። አከራዮቹ በብዛት ያሉት በግዮንግቦክጉንግና በአንጉክ ባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ነው። ከጀርባ የሚታሰረው ትልቅ ቋጠሮና ቀሚስ የሚነፋው ቀለበት የኪራይ ፋሽን ናቸው፤ የጥንቱን መልክ የሚፈልግ ሰው ከፊት የሚታሰረውን ለይቶ ይጠይቅ። ወርቅማ ዘንዶ ያለበት ቀይ ካባ የንጉሥ ነው፤ የንጉሡ ዘንዶ 5 ጥፍር፣ የአልጋ ወራሹ 4፣ የልጅ ልጁ 3 ጥፍር አለው። ረጅም ቀሚስ ደረጃ ላይ ስለሚያደናቅፍ ከፊት ሰብሰብ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

ሃንቦክ ላልለበሰ የግዮንግቦክጉንግና የቻንግዶክጉንግ መግቢያ ለዓመታት 3,000 ዎን፣ የዶክሱጉንግ፣ የቻንግግዮንግጉንግና የጆንግምዮ 1,000 ዎን ሆኖ ቆይቷል። የቻንግዶክጉንግ የኋላ አትክልት 5,000 ዎን ለብቻው ያስከፍላል፤ በየሰዓቱ የሚገባው ሰው ቁጥርም የተወሰነ ነው። ትኬቱ በኢንተርኔት ከጉብኝቱ 6 ቀን ቀድሞ ይከፈታል፤ የቀረው ጠዋት በር ላይ ይሸጣል። በመኸር ቅጠሉ ሲቀላ 9፡00 ላይ መድረስም ይዘገያል።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ቅዳሜንና እሑድን ይያዝ፤ ሁሉም ግቢዎች ክፍት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት 10፡00 የዘብ ለውጡን አይቶ ወደ ጉንጆንግጆን ይግባ፤ ከሰዓት በግቢው ውስጥ ያለውን የቤተ መንግሥት ሙዚየም ይይ፤ መግቢያው ነጻ ነው። እሑድ ጠዋት የቻንግዶክጉንግን አትክልት፣ ከሰዓት ጆንግምዮን። ፓስፖርት ይዞ መሄድ አይረሳ፤ በር ላይ ለውጭ ዜጋ የሚቀመጠው ድርሻ ያለ ፓስፖርት አይሸጥም።